ተጋጣሚ የሌለው ኩንግ ፉ

ጎንደር ማራኪ አካባቢ በኪራይ አዳራሽ ውሹ (የቻይና ኩንግ ፉ) አሠለጥናለሁ። ልጅ ለማስመዝገብ የሚመጡ ወላጆች ድሮ የሚጠይቁኝ «ጠባዩን ያስተካክልልኛል ወይ? ከትምህርቱስ አያዘናጋውም?» እያሉ ነበር። ሰው እየታገተ ገንዘብ የሚጠየቅበት ክፉ ጊዜ በከተማችንና በዙሪያዋ ከመጣ ወዲህ ግን ጥያቄው ሌላ ሆኗል። እናቶች ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማስተር፣ ይሄ ነገር ልጄን ከአጋች ያስጥለዋል?» ይሉኛል።

«አዎ» ብሎ የመመዝገቢያውን ገንዘብ መቀበል ቀላል ነው። እኔ ግን በዚህ ጥያቄ ፊት የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ቆም ብለው እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። የቻይና ባህላዊ ማርሻል አርት በእውነተኛ ጠብ ውስጥ የሚሠራ ጥበብ ሆኖ ይቀጥላል ወይስ የበዓል ትርኢት ሆኖ ይቀራል? በአብዛኞቹ አዳራሾቻችን አሁን በሚሰጥበት መንገድ ከቀጠለ ትርኢት ሆኖ እንደሚቀር አልጠራጠርም። መዳን ግን ይችላል። የሚድነውም ልጆቻችን እሺ ብሎ ከሚወድቅላቸው ጓደኛ ጋር ሳይሆን እምቢ ከሚል ተጋጣሚ ጋር ሲለማመዱ ነው።

አንድ የተለመደ የሥልጠና ማታ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ልጆቹ በመደዳ ይቆማሉ፤ ቡጢና እርግጫ በአየር ላይ ይለማመዳሉ። ከዚያ ፎርም ይሠራሉ፤ የምቱም የመከላከሉም ቅደም ተከተል አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ቻይናዎቹ ታኦሉ ይሉታል። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። አንደኛው ቡጢ ይሰነዝርና ክንዱን ዘርግቶ እዚያው ያቆየዋል። ሌላው በረጋ መንፈስ ይይዘዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ ጓደኛውም ተባብሮ ይወድቅለታል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ብሎኬት ይሰበራል፣ ሰው በሰው ላይ ይዘላል፣ ሕዝብ ያጨበጭባል። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ፣ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አፍንጫው ላይ ቡጢ አርፎበት የማያውቅ ወጣት በዚህ መንገድ ይፈጠራል። ይህ ወጣት መንገድ ላይ የገዛ ጃኬቱን ጨምድዶ የያዘ ሰው ሲገጥመው ሰውነቱ ይደርቃል። የተማረው ሁሉ ከጭንቅላቱ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ሲማር ልቡ እንዲህ ደልቆ አያውቅም።

ፎርምን አልንቅም። ሚዛንን፣ እግር አጣጣልን፣ ትንፋሽን ያስተምራል። ከቻይና ሽማግሌዎች አልፎ በዓለም ሁሉ ያሉ ሰዎች ታይ ቺ እየሠሩ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ይጠብቃሉ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ለጤናና ለውበት የሚማር ሰው ደስ ብሎት ይማር። የምቃወመው ለጤናና ለውበት የሚሆነውን ትምህርት «ራስህን ትከላከልበታለህ» ብሎ መስጠትን ነው።

ይህ ጭንቀት እኛ ጋር የተጀመረ አይደለም፤ ቻይናዎቹ ራሳቸው መቶ ዓመት ያህል ሲጨነቁበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1928 በናንጂንግ ከተማ ማዕከላዊ የብሔራዊ ማርሻል አርት ተቋም ተመሠረተና በዚያው ዓመት ጥቅምት ከየግዛቱ የመጡ ባለሙያዎችን ከፍ ባለ መድረክ ላይ አጋጠመ። መከላከያው ጥቂት፣ ሕጉም ጥቂት ነበር። ብዙ ሰው ክፉኛ ተጎዳ። መጨረሻ ላይ የቀሩት እንዳይገዳደሉ ተብሎ ፍልሚያው ሳይጠናቀቅ ቆመ። እ.ኤ.አ. ጥር 1954 ደግሞ በማካው አንድ የታይ ቺ መምህርና አንድ የነጭ ሽመላ ስልት ባለሙያ ብዙ ሕዝብ ባለበት ገጠሙ። ፊልሙ ዛሬም ይገኛል፤ ተማሪዎቼን ሰብስቤ አሳይቻቸዋለሁ። ሁለቱም ዘመናቸውን በሙሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሲገጥሙ ግን የፎርሙ ውበት የትም አይታይም፤ ክንድ ይወራጫል፣ አፍንጫ ይደማል፣ በሁለተኛው ዙር ዳኞች አቆሙት፣ አሸናፊም ተሸናፊም የለም ተባለ።

ከሁሉ በላይ የተወራለት የቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 በቼንግዱ ሹ ሺያዎዶንግ የተባለ የቅይጥ ማርሻል አርት አሠልጣኝ ዌይ ሌይ ከተባለ የታይ ቺ መምህር ጋር ተጋጠመ። ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መምህሩ መሬት ላይ ነበር። በቻይና ትልቅ ቁጣ ተነሣ፤ የተቆጡት ግን በአሸናፊው ላይ ነው። ባህል አዋርደሃል ተባለ፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹም ተዘጋ። እኔ ያንን ቪዲዮ ሳይ ያዘንኩት ለመምህሩ ነው። ማንም ሰው ወደ ፊቱ እንዳይመጣበት ተከብሮ፣ ተማሪው እየወደቀለት የኖረ ሰው አቅሙን በምን ሊያውቅ ይችላል? የሸነገሉት ያከበሩት ናቸው።

ጃፓኖቹ መልሱን ቀድመው አግኝተውታል። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ከድሮው ጁጂትሱ ውስጥ ዓይን የሚያወጣውን፣ አጥንት የሚሰብረውን ለነፃ ልምምድ ከሚፈቀደው አወጣ። የቀረውን ተማሪዎቹ በየቀኑ በሙሉ ጉልበታቸው እርስ በርስ እንዲሞካከሩበት አደረገ። ብዙ ማስተሮች «የእኛ ምት ገዳይ ስለሆነ ስፓሪንግ (ነፃ ግጥሚያ) አንገጥምበትም» ሲሉ እሰማለሁ። ካኖ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በየቀኑ እምቢ በሚል ሰው ላይ የተሞከረ ቀላል የመጣል ስልት ማንም ላይ ተሞክሮ ከማያውቅ «ገዳይ ምት» ይበልጣል።

ቻይናም ዘግይታ ወደዚያው ሄደች። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሳንዳ የተባለውን ውድድር በሙከራ ጀምራ አደራጀችው። ቡጢ አለ፣ እርግጫ አለ፣ አንሥቶ መጣል አለ። መድረኩ ስምንት በስምንት ሜትር ሆኖ ከመሬት ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ተጋጣሚን ከመድረኩ ገፍቶ ማውረድ ራሱ ነጥብ ያስገኛል። ዙሩ ሁለት ደቂቃ ነው። የሳንዳ የመጣል ስልቶች ብዙዎቹ ከቻይና ጥንታዊ ትግል፣ ከሹዋይ ጂያዎ የመጡ ናቸው። ስለዚህ «ሳንዳ የቻይና ቦክስ እንጂ ኩንግ ፉ አይደለም» የሚሉት አይዋጥልኝም። በአያቶች ዘመን የነበረው ትግል በጓንትና በዳኛ እንደገና መተንፈስ ጀመረ እንጂ ሌላ ነገር አልተፈጠረም። በልጅነቷ ውሹና ሳንዳ የተማረችው የሄቤይዋ ዣንግ ዌይሊ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2019 ሸንዘን ላይ በአርባ ሁለት ሴኮንድ የዩኤፍሲ (የቅይጥ ማርሻል አርት ውድድር) ሻምፒዮን ስትሆን ዓለም ያየው የዚህን መንገድ ውጤት ነው። የቻይና ጥበብ በእውነተኛ ፍልሚያ አይሠራም ያለ ሰው እርሷን ይይ።

እዚህ ላይ ወደ አገሬ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

እኔ ያደግሁት ዳባት ገጠር ነው፤ በእረኝነት። ክረምት ላይ ከብቶቹ መስኩ ላይ ሲሰማሩ እኛ እረኞቹ ሁለት ነገር እንጫወት ነበር። አንደኛው ትግል ነው። ሁለተኛው የዱላ ምክቶሽ ነው፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው በዱላው ይመክታል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ፣ እየፈጠነ ሲሄድ ተራ የሚባለው ነገር ይቀራል። በእኛ መስክ ሕግ ነበረው። ራስ አይመታም። የወደቀ አይመታም። ከእኛ ትልቁ፣ አያ እያልን የምንጠራው ልጅ ዳር ቆሞ ይዳኛል፤ ንዴት ያየበትን «በቃህ፣ ወዲህ ና» ይለዋል። ጣቱ ያላበጠ እረኛ አልነበረም። መመከት ያልቻለ ይመታል፤ የተመታ ነገ ይመክታል። ማንም ፎርም አላስጠናንም፤ ርቀትን፣ ጊዜን፣ የተጋጣሚን ትከሻ ማየትን ግን ሳናውቀው ተማርን። ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ጅራፍ ይገመዳል፤ ጎረምሶቹ ፊት ለፊት ቆመው ይጋረፋሉ፣ ያልሸሸ ይከበራል።

ከተማ ገብቼ ውሹ ስጀምር ይህን ነገር አዳራሽ ውስጥ አጣሁት። ዛሬ እንደ አሠልጣኝ ሳየው ደግሞ ልዩነቱ ዐይን ላይ ይወድቃል። ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ፣ ከወገራ ለትምህርት የመጣ ልጅ ፎርሙ ያስቸግረዋል፤ እጁ አይለሰልስም፣ እርግጫው ከወገቡ አያልፍም። ሳንዳ ሲገባ ግን የከተማው ልጅ ሲያንገራግር እርሱ ወገብ ይይዛል፣ እግር ይጠልፋል፣ ይጥላል። የሹዋይ ጂያዎን ጠለፋ ሳሳየው «ይሄንማ እናውቀዋለን» ይለኛል። እውነቱን ነው። መስክ ላይ በስንት ልጅ ላይ ሞክሮታል።

ሊያሳስበን የሚገባው ግን የራሳችንም ነገር በዚያው መንገድ እየጠፋ መሆኑ ነው። በጎንደር በዓላት ላይ ጋሻ አንግቦ፣ ጦር ይዞ የሚፎክር አይጠፋም፤ ፉከራውም ደም ያሞቃል። ሰይፍ ሲሰነዘርበት ጋሻውን በየት በኩል እንደሚያዞር የሚያስተምር ሰው ግን ብፈልግ አላገኘሁም። ሾተል እንዲያ የታጠፈው ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ለመድረስ ነው፤ አያያዙን፣ ስንዘራውን፣ የእግሩን አካሄድ የሚያውቁት ሰዎች ተጋጣሚ ሲያጡ እውቀቱም አብሯቸው መቃብር ወረደ። ምክቶሹም ቢሆን ልጆች ትምህርት ቤት ስለገቡ (መግባታቸው መልካም ነው) እየቀረ ነው። ትግል በአገር አቀፉ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ስላለ ብቻ ተርፏል። ይህን ያየ ሰው የቻይናን ጥበብ ዕጣ ለመተንበይ ቤጂንግ መሄድ አያስፈልገውም።

ከሽንፈት መማር ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቋራው ካሣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የደረሰበትን የታሪክ መጻሕፍት ይተርካሉ። ጀግንነታቸው በማይጠረጠር ሰዎች ታጅቦ በምሽግ ውስጥ ባለ፣ መድፍ በታጠቀና በሥርዓት በሠለጠነ የግብፅ ጦር ላይ ዘመተና ወታደሮቹ ረገፉ። ካሣ ከዚያ የተማረው ትልቅ ነው። የሠለጠነ ጦርና መድፍ ካልያዘ ጀግንነቱ ብቻውን እንደማያዋጣ ተረዳና ወታደሩን በሥርዓት ማሠልጠን የዘመኑ ትልቁ ሐሳቡ ሆነ። በ1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ከሽንፈቱ የተማረው ያ ሰው ነው። ደባርቂን «ባህላችንን የደፈረ» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ደረስጌ አይደርስም ነበር።

አሁን ወደ እናቶቹ ጥያቄ ልሂድ፤ ይህን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። ክላሽንኮቭ በያዘ ሰው ፊት ሳንዳም፣ ውሹም፣ ቦክስም አያድንም። ይህን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ጠመንጃ ቀምቶ የሚጥለው በፊልም ያለ ሰው ነው። ልጁን በዚህ ተስፋ የሚልክ ወላጅ ከጥንቃቄው ይዘናጋል፤ ማታ ብቻውን ይለቀዋል፣ «እርሱማ ውሹ ይችላል» ይላል። የውሸት መተማመን ሰው ያስገድላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው አደጋ በአዳራሼ የማስተምረው ጥቂት ነገር ነው፤ ቶሎ ማየት፣ መጮህ፣ ከያዥ እጅ መውጣት፣ መሮጥ። ከዚህ ውስጥ ኩንግ ፉ የሚረዳው ከያዥ እጅ በመውጣቱ ላይ ነው፤ እርሱም በትክክል ከተለማመዱት ነው።

በተለይ ሴት ተማሪዎቼ ላይ ያየሁትን ልናገር። በገጠራችን የሴት ልጅ ጠለፋ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ሕጉ በወንጀልነት ቢደነግገውም ፍርሃቱ ከልጃገረዶች አልጠፋም። በቺን ና የእጅ አያያዝ ውስጥ የተያዘ አንጓን በአውራ ጣቱ በኩል ማስለቀቅ አለ። መጽሐፉ ላይ ሲያዩት ልጅ የሚችለው ነገር ይመስላል። ተጋጣሚዋ ተባብሮ ሲለቅላት ሁሉም ትችለዋለች። «አሁን ግን አትልቀቃት፤ ጎትታት» ስለው አይሠራም። ትደነግጣለች፤ አንዳንዷ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። እጇን ብቻ መጎተት ትታ ሙሉ ክብደቷን ታወርዳለች፣ ወደ ያዣው ገብታ ትዞራለች፣ በክርኗ ትገፋለች፣ በተደጋጋሚ ትወድቃለች። ከብዙ ሳምንት በኋላ ያው ጎረምሳ እየጎተታት ታመልጣለች። ጥበቡ ያው የቻይናው ጥበብ ነው። የተለወጠው ያዡ ነው፤ መልቀቅ አቆመ።

እንቅፋቱን አልደብቅም። ስፓሪንግ ወጪ አለው። ጓንት፣ የራስና የጥርስ መከላከያ፣ የደረት መከላከያ፣ ሲወድቁ የሚያርፉበት ምንጣፍ፤ ይህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ መጣል ማስተማር ወንጀል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኛ በድርቆሽ የተሞላ ማዳበሪያ በሸራ ሸፍነን እንጠቀማለን። ጉዳትም አለ። ራስ የተመታ ልጅ ምን ያህል ቀን ማረፍ እንዳለበት የሚያውቅ አሠልጣኝ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሆስፒታልም የስፖርት ሳይንስ ትምህርትም አለው። አንድ ሐኪምና አንድ የስፖርት ሳይንስ መምህር በዓመት ሁለት ቀን የከተማውን አሠልጣኞች ሰብስበው ስለ ራስ ጉዳት ቢያስተምሩን ስንት ልጅ ይተርፋል!

ሌላው እንቅፋት የሽልማቱ አቅጣጫ ነው። ውሹ እ.ኤ.አ. ለ2026ቱ የዳካር የወጣቶች ኦሊምፒክ መግባቱ ለአፍሪካ ልጆች ትልቅ ዜና ነው፤ ደስ ብሎኛል። የገባው ግን የፎርሙ ውድድር ነው። ሜዳሊያ ወዳለበት ገንዘብ ይሄዳል፤ ገንዘብ ወዳለበት አሠልጣኙ ይሄዳል። አንድ ወጣት በሰባት መቶ ሃያ ዲግሪ ዞሮ በአንድ እግሩ ሲያርፍ ማየት ያስደንቃል፤ ልፋቱንም አከብራለሁ። ነገር ግን ክለቦቻችን ሁሉ ወደዚያ ከዞሩ ከዐሥር ዓመት በኋላ ጎንደር ውስጥ በውሹ ራሱን የሚከላከል ሰው አይኖርም። ጂምናስቲክ የሚችሉ ልጆች ይኖሩናል፤ ስሙ ግን ማርሻል አርት ይሆናል።

«ስፓሪንግ ልጆችን ጠበኛ ያደርጋል» የሚለውን ስጋት ብዙ ወላጅ ያነሣል። ባየሁት ሁሉ የሆነው ተቃራኒው ነው። መመታትን የሚያውቅ ልጅ መንገድ ላይ ለመማታት አይቸኩልም። የሚያስፈራኝ ቀበቶውን ወገቡ ላይ እንጂ አቅሙን ሰውነቱ ውስጥ የማያውቀው ነው፤ እርሱ ነው ካፌ በር ላይ ሰው የሚተናኮለው። በምክቶሽ ያደጉ እረኞች ገበያ ላይ ዱላ ለማንሣት የመጨረሻዎቹ ነበሩ።

እናም የሙያ ባልደረቦቼን እለምናለሁ። ከሚቀጥለው የቀበቶ ፈተና ጀምሮ ከአረንጓዴ ቀበቶ በላይ ማንም ልጅ በሳንዳ ሳይገጥም አይለፍ፤ ያሸንፍ አላልኩም፤ ይግጠም። ዓይን እንዳይነካ፣ የወደቀ እንዳይመታ፣ ራስ መከላከያ የሌለው እንዳይገጥም አጥብቃችሁ ዳኙ። የኢትዮጵያ ውሹ ፌዴሬሽን ደግሞ የማስተርነት ማዕረግ ሲሰጥ ፎርም ብቻ አይቶ አይስጥ። የዞኑና የከተማው ስፖርት መሥሪያ ቤቶች ለባህል ስፖርት ውድድር ከደባርቅና ከዳባት የሚመርጧቸውን የትግል ልጆች ወደ እኛ አዳራሾች ያምጧቸው፤ የእኛን የሳንዳ ልጆችም ወደ እነርሱ መስክ እንወስዳለን። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ለማዘጋጀት እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ምንጣፉንም እኔው ተሸክሜ እመጣለሁ።